ጠያቂ የሞላበት፣ ጓደኛ የጠፋበት አልጋ

ከስድስት ኪሎ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። የጥበብ ልብስ የተሰቀለባቸው ሱቆች ሲያልቁ ባሕር ዛፉ ይጀምራል፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል። ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ያለው በዚህ አቅጣጫ፣ የእንጦጦ ግርጌ ላይ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ከከተማ ወጣ አድርጎ ንጹሕ አየር ባለበት ከፍታ ላይ ማስታመም በድሮው ዘመን በብዙ አገር የተለመደ ነበር። ዛሬ ሆስፒታሉ ብዙ ዓይነት ሕክምና ይሰጣል። የጉለሌ ሰው ግን ስሙ ሲነሳ አሁንም ቀድሞ የሚታወሰው ሳል ነው።

እስቲ እዚያ ወይም ሌላ ሆስፒታል ውስጥ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ተኝቷል እንበል። በሽታው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ የደም ካንሰር ወይም የኩላሊት መድከም ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ ልዩነት የለውም። ቅዳሜ ከሰዓት ጠያቂ ይመጣል። የእናቱ ዕድርተኞች፣ አክስቱ፣ የአባቱ የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት። ብርቱካን፣ ሙዝና የታሸገ ጭማቂ ይዘዋል። "እንዴት አደረ?" ብለው የሚጠይቁት እናቱን ነው። "ምግብ ይበላል?" የሚሉትም እሷኑ ነው፤ ልጁ እዚያው ቁጭ ብሎ እየሰማ። ወደ እሱ ዞር ሲሉ "አይዞህ፣ እግዚአብሔር ይማርህ" ይሉታል። ከዚያ ኮሪደር ላይ ወጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ልጁ ቃሉን ባይሰማም ምን እንደሚባል ያውቃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ሰው ጠየቀው፤ ከእሱ ጋር ያወራ ግን አንድም አልነበረም።

ይህ የጠያቂዎቹ ጥፋት አይደለም። ሕመምተኛ መጠየቅ ኢትዮጵያዊ ከሚኮራባቸው ልማዶች አንዱ ነው፤ ያ ልማድ ባይኖር ስንቱ አስታማሚ ሜዳ ላይ በቀረ ነበር። ችግሩ ጠያቂ የሚመጣው ለቤተሰቡ መሆኑ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ ራሱን በእናቱ ዓይን ማየት ትቶ በእኩዮቹ ዓይን ማየት የጀመረ ሰው ነው። በሽታው የሚወስድበት ጤናውን ብቻ አይደለም፤ የሚያይበትን መስታወት ጭምር ነው። ጸጉሩ የረገፈ ወይም ክብደቱ የቀነሰ ልጅ "ቆንጆ ነህ እኮ!" የሚል ቃል ከአክስቱ ቢሰማ አያምናትም። የዕድሜ እኩያው "ራሰ በራ መስለሃል" ብሎ ቢስቅበት ግን አብሮት ሊስቅ ይችላል።

የሆስፒታሉ አሠራርም ይህን ዕድሜ አያውቀውም። በብዙ ሆስፒታሎች የሕፃናት ክፍል የሚባለው እስከ 14 ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ከአዋቂዎች ጋር ይተኛል። ትናንት ካርቱን ከተሳለበት ግድግዳ ሥር የነበረ ልጅ፣ ዛሬ በስተቀኙ የ60 ዓመት አዛውንት፣ በስተግራው ትንፋሽ ያጠረው ጎልማሳ ይሆናል። ሁለቱም ደግ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለ አርሰናል ግን አያወሩትም፤ ቢያወሩትም ስለ አንሪ ዘመን ነው።

ለዚህ ሁሉ "ምን ይደረግ፣ ዋናው መድኃኒቱ ነው" የሚል መልስ አለ። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ግን ከራሱ ከጉለሌ ታሪክ ራቅ ብሎ መሄድ አያስፈልግም።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በኢትዮጵያ በተደራጀ መልኩ መታከም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በፊት በሽታው እንዳለባቸው የተነገራቸው ሰዎች መድኃኒቱን ወረፋ ይዘው ይጠብቁ ነበር። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላም ሕክምናው ቀላል አልነበረም። ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጅ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየቀኑ መርፌ ነበረ። መርፌው የአንዳንዱን ሰው የመስማት ችሎታ ይወስድ ነበር። ሳይክሎሰሪን የሚባለው ክኒን ደግሞ በአንዳንዱ ላይ ድብርት ያመጣል፣ ሲብስም አእምሮን ያውካል። አስቡት፤ በዚያ ዕድሜ ጓደኛ የማያዩበት፣ ጭንብል የማይወልቅበት፣ ጆሮ እየደከመ የሚሄድበት ሁለት ዓመት። "ከእንግዲህ አልወስድም" የሚል ልጅ ቢኖር ሰነፍ ወይም እልኸኛ ሊባል አይገባም።

በቅዱስ ጴጥሮስና በጎንደር የተጀመረው የዚያ መርሐ ግብር ውጤት እ.ኤ.አ. በ2015 ቶራክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ከ612 ታካሚዎች 481ዱ ድነዋል ወይም ሕክምናቸውን በሚገባ ጨርሰዋል። 85ቱ ሞተዋል። ሕክምናውን ያቋረጡት 36 ብቻ ናቸው። በዚያን ጊዜ በዓለም ደረጃ ሕክምናው የሚሳካላቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ ሲታሰብ፣ ይህ ከድሃ አገር የማይጠበቅ የሚመስል ቁጥር ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ምን ነበር? ምግብ ነበር፣ ለትራንስፖርትና ለቤት ኪራይ የሚሆን ድጋፍ ነበር፣ እቤት ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ይህን ጓደኝነት ማለት ማጋነን ይሆናል። ሆኖም ሁለት ዓመት መርፌ የሚያስችለው ነገር መድኃኒቱ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። በሩን እያንኳኳ "ዛሬስ?" የሚል ሰው ነበረ።

ከሆስፒታሉ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊትም ሆነ በኋላ፣ በእንጦጦ ማርያም ጠበል ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ትንንሽ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ መድኃኒቱን ትተው ጠበሉን ብቻ ይዘው ነበርና የጤና ባለሙያዎች ክፉኛ ተጨነቁ፤ መጨነቃቸውም ተገቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ማስተማራቸው ስንት ሕይወት እንዳተረፈ ቆጥሮ መድረስ አይቻልም። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አለፈ። ሰው እዚያ ብርድ ላይ ለወራት የሚቆየው ለምን ነበር? እምነት አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋናውም ሊሆን ይችላል። ሌላው ግን ቦታው ሰው ሳይሸማቀቅ "ታምሜያለሁ" የሚልበት መሆኑ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ብርጭቆ የተለየበት ሰው፣ እዚያ ከማያውቀው ሰው ጋር አንድ ዳቦ ይቆርሳል። ክሊኒክ ያንን አልሰጠውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ደግሞ የተለየ ዕጣ ገጠመው። ቫይረሱ በደማቸው ይዘው የተወለዱ ልጆች በመድኃኒቱ ምክንያት አደጉ፤ ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ብዙ ቤተሰብ ምን እንደሚውጡ አልነገራቸውም። "ቫይታሚን ነው"፣ "ለደም ማነስ ነው"፣ "ሳንባህ ደካማ ስለሆነ ነው" ተባሉ። ልጅን ከመጠበቅ የመጣ ውሸት ነው፤ የሚዋሽለት ልጅ ግን አንድ ቀን የመድኃኒቱን ስም ስልኩ ላይ ጽፎ ይፈልጋል። በዚያች ቀን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሰማዋል። አንደኛው በሽታው ነው። ሁለተኛውና የሚከብደው፣ ከሚወዳቸው ሰዎች ጋር እንኳ የማይነሳ ነገር ተሸክሞ መኖሩ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን ደባቂው ሌላ፣ መድኃኒት ያጣው ሌላ ነው። የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ክኒናቸውን ድንገት ማቆም የሚጀምሩት ብዙ ጊዜ በዚህ ሰሞን ነው። ለመሞት ፈልገው ላይሆን ይችላል። የማንን ሕይወት ለማትረፍ እንደሚውጡት ስለጠፋባቸው ነው።

እንዲህ ያለውን ልጅ ማን ያናግረው? ዚምባብዌዎች ለዚህ መልስ ከሞከሩት ቀዳሚዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሐራሬ ውስጥ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወጣቶች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ቡድን ተመሠረተ። ስሙን "ዝቫንዲሪ" አሉት፤ በሾና ቋንቋ "እንዳለሁ" እንደማለት ነው። ቡድኑ አድጎ አሠራር ሆነ። ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶች ከጤና ጣቢያ ጋር ተመድበው፣ ታናናሾቻቸውን ቤታቸው ድረስ ሄደው ያያሉ፣ መልእክት ይልካሉ፣ ወር በወር ያሰባስባሉ።

አሠራሩ በቢንዱራና በሻምቫ ወረዳዎች በጥናት ተፈተነ። ከ13 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች በሁለት ተከፈሉ። ሁሉም ያው መድኃኒት፣ ያው የተለመደ የክሊኒክ ክትትል ነበራቸው። ልዩነቱ አንደኛው ወገን እኩያ የተመደበለት መሆኑ ብቻ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታተመ። ከ96 ሳምንት በኋላ በተለመደው ክትትል ሥር ከነበሩት 36 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ጨምሮ ወይም ሞተው ተገኙ። እኩያ ከተመደበላቸው ውስጥ ግን 25 በመቶ ነበሩ። 25 በመቶም ብዙ ነው፤ ማንም በደስታ የሚጨፍርበት ቁጥር አይደለም። ግን ዋናው መለኪያ ደም እንጂ ስሜት አልነበረም። "ጓደኛ አግኝቶ ደስ አለው" ከሚለው ወሬ ያለፈ ነገር ነው፤ ጓደኛ የተመደበለት ልጅ መድኃኒቱን ውጧል።

እኩያው ለዚያ ልጅ ምን ነገረው? ምናልባት ሐኪሙ ያልነገረውን አዲስ ነገር አንድም አልነገረውም። ልዩነቱ ተናጋሪው ላይ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው "ትድናለህ፣ ትማራለህ፣ ታገባለህ" ሲል ተስፋ መስጠት ይባላል። የ20 ዓመት ወጣት "እኔም በአሥራ አምስቴ አቁሜው ነበር፤ ሆስፒታል ተኛሁ፤ አሁን ኮሌጅ ነኝ" ሲል ግን ልጁ ፊት የሚቆመው ማስረጃ ነው። ወደፊቱን አይቶ የተመለሰ ሰው አገኘ ማለት ነው። ለታመመ ወጣት አመለካከት መለወጥ የሚባለው ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። "ነገ" የሚለው ቃል መልክና ስልክ ቁጥር ያገኛል።

አንዳንዴ ይህ ጓደኛ ከሩቅ ይመጣል። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ግሪን እ.ኤ.አ. በ2019 በሴራሊዮን ላካ በሚባል የመንግሥት ሆስፒታል ሄንሪ ከሚባል የቲቢ ታካሚ ጋር ተዋወቀ። ሰውነቱን አይቶ ዘጠኝ ዓመት ገደማ መሰለው፤ ልጁ ግን 17 ዓመቱ ነበር። የግሪን ልጅም ስሙ ሄንሪ ነውና ወዳጅነቱ ከዚያ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ሳንባ ነቀርሳን የሚመለከት መጽሐፍ እስከማሳተም አደረሰው። ሄንሪ ድኖ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ታሪኩ በዓለም ሲነገር ታዋቂው ደራሲ ጎልቶ ይታያል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ሌላ ሰውም አለበት፤ ልጁ አዲሱን መድኃኒት እንዲያገኝ የተሟገተለት ሐኪም ዶ/ር ግሩም ተፈራ ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ ታሪኩን "ጓደኝነት አዳነው" ብሎ ማሳጠር ልክ አይሆንም። መድኃኒቱ ባይገኝ ኖሮ ወዳጅነቱ የሚያስለቅስ ታሪክ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ሁለቱ አንዱ የሌላው ምትክ አይደሉም፤ ይህን የሚያደበላልቅ ሰው "አይዞህ" እያለ መድኃኒት የሚያስረሳ አጽናኝ ይሆናል።

የዲያሊሲስ ክፍል ደግሞ ሳይታሰብ ይህን ነገር ይሠራል። ጉለሌ ውስጥ ባለው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ንቅለ ተከላ ለማግኘት ዘመድ ለጋሽ ያስፈልጋል፤ እሱ እስኪገኝ፣ ወይም ሳይገኝም፣ ሰው በማሽን ይኖራል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል። የማሽን ተራ ቋሚ ስለሚሆን ጎን ለጎን የሚቀመጡት ሰዎች ያው ናቸው። ማንም አላቀደውም፤ ግን ከዕቁብ የማይተናነስ ማኅበር ይወጣዋል። ማን ውኃ አብዝቶ እንደመጣ፣ ማን ገንዘብ እንዳለቀበት፣ ማን ለጋሽ እንዳገኘ ይታወቃል። በዚያ ክፍል አንድ እኩያ ያገኘ ወጣት ወደ ማሽኑ የሚመጣበት ሁለተኛ ምክንያት አለው ማለት ነው።

ከዚህ ጋር ግን ክፉ ነገርም አለ፤ እሱን መሸፈን አይገባም። ጎን ያለው ወንበር አንድ ቀን ባዶ ይሆናል። ሆስፒታል ውስጥ የተገኘ ጓደኛ ሊሞት የሚችል ጓደኛ ነው። ወላጆች ልጃቸውን ከሌላ ታማሚ ጋር እንዳይቀራረብ የሚከለክሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ልጁ የጎረቤት አልጋውን ባዶ መሆን ጓደኛ ሳይሆነውም ያየዋል። አንሶላ ሲቀየር፣ ሲስተሮቹ ዝም ሲሉ፣ እናቱ "ወደ ቤቱ ሄደ እኮ" ስትል ያውቃል። ያለ ጓደኛ የሚቀረው ለቅሶውን የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው።

ሌላው ስጋት ምስጢር ነው። በሰፈር ውስጥ የአንድ ሰው በሽታ ከቡና ወደ ቡና እንዴት እንደሚዞር ማንም ያውቀዋል። የ17 ዓመት ልጅ ምስጢር ይጠብቃል ብሎ መተማመን ከባድ ነው። ለዚህ ነው የዚምባብዌው አሠራር ያገኘውን ወጣት ሁሉ ያላሰማራው፤ መረጠ፣ አሠለጠነ፣ ተቆጣጣሪ መደበ፣ ለድካማቸውም ከፈለ። እኩያን በነፃ የሚገኝ የጉልበት ሥራ አድርጎ የሚያስብ የጤና ሥርዓት ምስጢሩንም ወጣቱንም ያጣል። የራሱን ቁስል በየቀኑ እየከፈተ ሌላውን የሚያጽናና ሰው ደመወዝ ይገባዋል፤ እሱንም የሚያጽናናው ሰው ያስፈልገዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ተሞክሯል፤ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ተቀጥረው መድኃኒት እንዳይቋረጥ ሲደግፉ ኖረዋል። ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የውጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድ፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የሚሆኑ ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ያ የእርዳታ ጉዳይ በተለምዶ የሚነሳው ከሽሮ ሜዳ በታች ባለው ኤምባሲ በኩል ነው፤ ውጤቱ ግን በዳገቱ ላይ ባሉት አልጋዎችም ደረሰ። ገንዘብ ሲጠፋ ክኒን መጨረሻ ላይ ይነካል፤ ተገቢም ነው። መጀመሪያ የሚነካው ክኒኑን የሚያስውጠው ሰው ነው። በሪፖርት ላይ መድኃኒት "አልተቋረጠም" ሊባል ይችላል። ክሊኒክ መምጣት ያቆመችው የ17 ዓመት ልጅ ለምን እንዳቆመች የሚደውልላት ግን የለም።

ሁሉም ነገር ግን የገንዘብ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ታማሚዎች፣ ያለ መርፌ በስድስት ወር የሚያልቅ ሕክምና እንዲሰጥ መክሯል። ያ ማለት በሽታው የሚወስደው ጊዜ አንድ የትምህርት ዓመት እንኳ ላይሞላ ይችላል። የሚቀረው ጥያቄ ልጁ ሲመለስ ክፍል ውስጥ የሚጠብቀው ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ለስድስት ወር ከጠፋ፣ ደብተር የሚያመጣለት አንድ ልጅ መኖርና አለመኖር ዓመቱን ከመድገም ወይም ትምህርቱን ጨርሶ ከመተው ይለየዋል። ትምህርት ቤቱ ማንን እንደሚልክ ለመወሰን የስም ጠሪው አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሐኪሙ የመተላለፍ አደጋው መቼ እንደቀነሰ ለቤተሰቡ በግልጽ ቢነግር፣ ቤተሰቡም ለጓደኞቹ ሊነግር ይችላል። አለዚያ ሰው ከመድኃኒቱ በኋላም ለዓመታት ከልጁ ሁለት ወንበር ርቆ ይቀመጣል።

ከዚያም የሆስፒታሉ በር አለ። በጠያቂ ሰዓት አሥር ጎልማሳ የሚያስገባው ጥበቃ፣ ደብተር ይዞ ብቻውን የመጣን የ15 ዓመት ልጅ "አንተ ደግሞ የት ነህ? ከማን ጋር ነው የመጣኸው?" ብሎ ይመልሰዋል። ልጅ በሽታ እንዳይዘው ተብሎ የወጣ ደንብ ነው፤ ለሕፃናት ልክ ነው፣ ተላላፊ በሽታ ላለበት ክፍልም ልክ ነው። ካንሰር ወይም ኩላሊት ላለበት ልጅ ጓደኛ ግን ደንቡ ምንም አይጠብቅለትም፤ የታማሚውን አቅም ሐኪሙ አይቶ ከፈቀደ፣ ጭንብል አድርጎና እጁን ታጥቦ መግባት ይችላል። ይህን ለመለወጥ በጀት አይጠይቅም። የክፍሉ ኃላፊ የልጁን ስም በወረቀት ጽፋ ለጥበቃው ብትሰጠው ያበቃል።